ከኩፍር ራኪብ የተነሣ ስም፦ የአንጎል ምስልና የእንቅስቃሴ ሕመሞች

ከአማን በስተሰሜን፣ በኢርቢድ አውራጃ ውስጥ ኩፍር ራኪብ የምትባል መንደር አለች። ወደ ጀረሽና ወደ አጅሉን የሚያልፉ ጎብኚዎች ስሟን ሳይሰሙ ይመለሳሉ። በቶኪዮም ሆነ በሳንቲያጎ፣ በለንደንም ሆነ በአዲስ አበባ የእንቅስቃሴ ሕመሞችን የሚያጠና የነርቭ ሐኪም ግን ያውቃታል፤ ስሟ የአንድ ሕመም መጠሪያ ሆኖ በሕክምና መጻሕፍት ገብቷልና።

ታሪኩ እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 አል-ዲን፣ ውሬይካት፣ ሙበይዲን፣ ዳሱኪና ሒያሪ የተባሉ ሐኪሞች በአንድ የነርቭ ሕክምና መጽሔት ላይ ከዚህች መንደር የተገኙ አምስት የአንድ ቤተሰብ አባላትን ሕመም ገለጹ። ቤተሰቡ በዘመዳሞች ጋብቻ የተመሠረተ ነበር። ሕመሙ የጀመራቸው ገና በልጅነታቸው፣ በ12 እና በ16 ዓመት ዕድሜ መካከል ነው። ፊታቸው ስሜት የማይነበብበት ጭምብል መሰለ፤ ሰውነታቸው ገተረ፤ እንቅስቃሴያቸው ዘገየ። እነዚህ ምልክቶች የፓርኪንሰን ሕመም ምልክቶች ናቸው፤ ፓርኪንሰን ግን በአብዛኛው አረጋውያንን የሚይዝ ደዌ ነው። በዚህ ላይ ልጆቹ ዓይናቸውን ወደ ላይ ማንሣት ተሳናቸው፤ የማሰብና የማስታወስ አቅማቸውም ደከመ። ለፓርኪንሰን ሕሙማን የሚታዘዘው ሌቮዶፓ ሲሰጣቸው ደግሞ ለውጥ አሳዩ።

ሐኪሞቹ እዚህ ላይ አላቆሙም። በኤም.አር.አይ. የተነሣው ምስል በአንጎል ጥልቀት ውስጥ የሚገኘው ግሎበስ ፓሊደስ የተባለው ክፍል መሟሸሹን አሳየ። ከአንጎል ወደ ሕብለ ሰረሰር የእንቅስቃሴን ትእዛዝ የሚያደርሱትና ፒራሚድ የሚባሉት የነርቭ መንገዶችም እንዲሁ ሳስተው ነበር። ሕመሙ በገፋባቸው ላይ መላው አንጎል ቀንሶ ታየ። ዓይኑ ወደ ላይ የማይወጣው፣ ሰውነቱ በሁለት ዓይነት ግትርነት የተያዘው ልጅ ለምን እንደዚያ እንደሆነ የሚያስረዳ ፍንጭ በምስሉ ላይ ተገኘ። በ2001 የሕመሙ መነሻ በአንደኛው ክሮሞሶም አጭር ክንድ ላይ መሆኑ ተመለከተ። በ2006 አንድ የቺሊ ቤተሰብ ከዮርዳኖሱ ቤተሰብ ጋር አብሮ ተጠንቶ ኤቲፒ13ኤ2 የተሰኘው ዘረ መል ተለየ። ይህ ዘረ መል ምን እንደሚሠራ በግልጽ የታወቀው ደግሞ በ2020 ነው፤ በሕዋስ ውስጥ የቆሻሻ ማስወገጃ ከሆነው ከረጢት ፖሊአሚን የተባሉ ንጥረ ነገሮችን እያወጣ ያሻግራል። ማሻገሩ ሲቋረጥ ከረጢቱ ይጎዳል፤ ሕዋሱም ይሞታል።

የኩፍር ራኪብ ሕመም እጅግ ብርቅ ነው። አብዛኛው አንባቢ በዕድሜው አንድም ሰው በዚህ ሕመም ተይዞ ላያይ ይችላል። የሐኪሞቹ አካሄድ ግን በየቤቱ ለሚነሣው ጥያቄ ያገለግላል፦ አስቀድሞ ሕሙሙን በዓይን ማጤን፣ ቀጥሎ የቤተሰብን ሐረግ መጠየቅ፣ ከዚያም ምስል ማንሣት። ምስሉ የመጣው ለተዘጋጀ ጥያቄ መልስ ሆኖ ነው።

በአማን ምዕራባዊ ሰፈሮች፣ በአብዱን፣ በስዌይፊያና በኸልዳ፣ አረጋውያንን ውለው አድረው የሚንከባከቡት ብዙውን ጊዜ ከሩቅ አገር የመጡ ሴቶች ናቸው። ኢትዮጵያውያንም ከእነርሱ መካከል አሉ። «ሲዶ» ወይም «ተይታ» እያሉ የሚጠሯቸው አዛውንት ከሱጁድ ለመነሣት መዘግየት ሲጀምሩ፣ የሸሚዛቸውን ቁልፍ መቆለፍ ሲያቅታቸው፣ ድምፃቸው እየሰለለ ሲሄድ አስቀድመው የሚያዩት እነርሱ ናቸው። ልጆቹ በጁምዓ ቀን ሲመጡ አባታቸውን ታጥበውና ለብሰው ተቀምጠው ያገኟቸዋል።

በፓርኪንሰን ሕመም የሚመጣው መንቀጥቀጥ እጅ ባረፈበት ጊዜ የሚታይ ነው። አውራ ጣትና ሌባ ጣት እርስ በርስ ሲፋተጉ የሕክምና መጻሕፍት «ክኒን ማድቦልቦል» ይሉታል። በዚህ አገር ግን ሌላ ነገር ያስታውሳል፤ ሰውየው በባዶ እጃቸው ሙስበሐ የሚቆጥሩ ይመስላሉ። የቡናውን ፊንጃን ለማንሣት እጃቸውን ሲዘረጉ መንቀጥቀጡ ይቀንሳል ወይም ይቆማል። ኢሴንሻል ትሬመር የተባለው ሌላው፣ እጅግ የተለመደው የመንቀጥቀጥ ሕመም ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ እጅ ሲያርፍ ጸጥ ይልና ፊንጃኑ ወደ አፍ ሲቀርብ ቡናው ይደፋል። በአባት ወይም በእናት የነበረ መሆኑም የተለመደ ነው። በወሬ ሲነገር ልዩነቱ ቀላል ይመስላል። በምርመራ ክፍል ውስጥ ግን ሁለቱ ይደባለቃሉ፤ አንዳንዱም ሰው ሁለቱንም ይይዛል።

ሐኪሞች የሚሳሳቱት ከስንፍና አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 ብዙ ጥናቶችን አጠቃልሎ የታተመ አንድ ትንተና የፓርኪንሰን ምርመራን ከሞት በኋላ በአንጎል ላይ ከተገኘው ጋር ሲያነጻጽር ትክክለኛነቱ 80 በመቶ ገደማ ሆኖ አግኝቶታል። ከአምስት ሰው አንዱ ሌላ ሕመም ነበረበት ማለት ነው። በ2004 ውጤቱ በታተመ አንድ የሌቮዶፓ ጥናት ላይ የአንጎል ምስል ከተነሡት 142 ሰዎች የ21ዱ ምስል ጤናማ ሆኖ ተገኘ፤ ሁሉም ግን በባለሙያ ሐኪሞች ፓርኪንሰን አለባቸው ተብለው የተመዘገቡ ነበሩ።

ስሕተቱ የሚያስከፍለው ዋጋ ከሁሉ በላይ የሚከብደው ሊድን የሚችል ሕመም በማይድን ስም ተጠርቶ ሲቀር ነው።

ከነዚህ አንዱ መድኃኒት ራሱ የሚያመጣው ነው። ለማቅለሽለሽ የሚታዘዘው ሜቶክሎፕራማይድ፣ ለአእምሮ ሕመም የሚሰጠው ሃሎፐሪዶል፣ ለራስ ማዞር ከየፋርማሲው የሚገዛው ሲናሪዚን፣ በተለይ በአረጋውያን ላይ ለወራት ሲወሰዱ ፓርኪንሰንን ቁርጥ የሚመስል ሕመም ያስከትላሉ። ሐኪም አይቶ መድኃኒቱን ሲያስቆም አብዛኛው ሰው በሳምንታትና በወራት ውስጥ ይሻለዋል። እንዲህ ያለው ሰው መድኃኒቱ ሳይቆም በላዩ ላይ የፓርኪንሰን መድኃኒት ሲጨመርለት መኖሩ እጅግ የሚያሳዝን ነው።

ሌላው በአንጎል ውስጥ የሚጠራቀም ፈሳሽ ነው። እ.ኤ.አ. በ1965 ይህን ሕመም ለዓለም ያስተዋወቀው ሰሎሞን ሐኪም ይባላል፤ ከሊባኖስ ወደ ኮሎምቢያ ከተሰደደ ቤተሰብ የተወለደ የአንጎል ቀዶ ሐኪም ነው። የአባቶቹ ስም በዐረብኛ «ሐኪም» መሆኑ ራሱ የሚያስገርም ግጥምጥሞሽ ነው። በዚህ ሕመም የተያዘ ሰው እግሩ ከወለሉ ጋር በማግኔት የተጣበቀ ያህል ሆኖ ይራመዳል፤ ሽንቱን መቆጣጠር ያቅተዋል፤ ይረሳል። ቤተሰቡ «እርጅና ነው» ይላል። ቀላል የሆነው ሲቲ ስካን እንኳ በአንጎል መካከል ያሉት የፈሳሽ ክፍሎች ማበጣቸውን ያሳያል፤ ኤም.አር.አይ. ደግሞ በይበልጥ ያጠራዋል። ተገቢ ሆነው ለተገኙት ሕሙማን ፈሳሹን ወደ ሆድ የሚያወርድ ቀጭን ቱቦ በቀዶ ሕክምና ይገባላቸዋል፤ ከሁሉ ቀድሞ ሊሻላቸው የሚችለው አካሄዳቸው ነው። ወድቀው ጭንቅላታቸውን የመቱ አዛውንት ከራስ ቅላቸው በታች ቀስ እያለ የሚጠራቀመው ደምም በዚያው ሲቲ ስካን ይታያል።

ሦስተኛው የወጣቶች ጉዳይ ነው። ዊልሰን የተባለው እንግሊዛዊ የነርቭ ሐኪም በ1912 የገለጸውና በስሙ የተጠራው ሕመም መዳብ በጉበትና በአንጎል ውስጥ እንዲከማች ያደርጋል። በዘር የሚወርድና ከሁለቱም ወላጆች የሚወረስ በመሆኑ የቅርብ ዘመዳሞች በሚጋቡበት ኅብረተሰብ ውስጥ ይበልጥ ሊታይ ይችላል። የሃያ ዓመት ወጣት እጁ ሲንቀጠቀጥ፣ ንግግሩ ሲኮላተፍ፣ ጠባዩ ሲለወጥ ጂን ነው፣ ቡዳ ነው ይባላል፤ ወራት ያልፋሉ። የዓይን ሐኪም በብሌኑ ዙሪያ ቡናማ ቀለበት ያያል፤ በኤም.አር.አይ. ላይ ደግሞ የመካከለኛው አንጎል ቁራጭ አንዳንድ ጊዜ የፓንዳ ፊት ይመስላል። መዳብን የሚያስወጣው ፔኒሲላሚን ለዚህ ሕመም መዋል የጀመረው በ1950ዎቹ ነው። ቀድሞ የተጀመረለት ወጣት ጤናማ ኑሮ መኖር ይችላል፤ ዘግይቶ የመጣው ግን የጠፋበትን ሁሉ አያገኝም።

የምስል ሐኪሞች ያዩትን ነገር በምሳሌ መሰየም ይወዳሉ። ከፓንዳው ሌላ የነብር ዓይን አለ፤ ከጎን የታየች ትንሽ ወፍ አለች፤ መስቀል የተሣለበት ዳቦ አለ። እነዚህ ሁሉ ፓርኪንሰንን የሚመስሉ፣ ነገር ግን ሌላ ሂደትና ሌላ ፍጻሜ ያላቸው ሕመሞች መለያ ናቸው። ምልክቱ አለመታየቱ ግን ሕመሙ የለም ማለት አይደለም። ተራ ኤም.አር.አይ. በፓርኪንሰን ሕሙም ላይ አብዛኛውን ጊዜ ጤናማ ሆኖ ይመጣል። ብዙ ቤተሰብ በዚህ ይታለላል፦ «ምስሉ ንጹሕ ነው፣ አልሐምዱሊላህ፣ ምንም የለባቸውም» ይባላል። ንጹሕ ምስል የሚናገረው ዕጢ፣ የደም መፍሰስ ወይም የፈሳሽ ክምችት እንዳልታየ ነው። ዶፓሚን የሚያመነጩት ሕዋሳት መሞታቸውን እንዲናገር ማንም አልጠየቀውም።

ያንን የሚጠይቀው ሌላ ዓይነት ምርመራ ነው። ዳት ስካን ይባላል፤ በአውሮፓ የተፈቀደው በ2000፣ በአሜሪካ ደግሞ በ2011 ነው። ጨረር የሚያመነጭ አዮዲን የተቀላቀለበት መድኃኒት በደም ሥር ይሰጣል። መድኃኒቱ ዶፓሚን በሚለቁት የነርቭ ጫፎች ላይ ሄዶ ይጣበቃል። ከሦስት እስከ ስድስት ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ሕሙሙ ልዩ ካሜራ ሥር ይተኛል፤ ካሜራው ከአንጎል የሚወጣውን ጨረር ይቆጥራል። የታይሮይድ ዕጢ ጨረሩን እንዳይስብ አስቀድሞ መከላከያ ይሰጠዋል።

በጤናማ አንጎል ላይ የሚታዩት ሁለት ትይዩ ሂላሎች ናቸው፤ የረመዳንን መግቢያ የሚያበስረው ቀጭን ጨረቃ ዓይነት፣ ግራና ቀኝ። ፓርኪንሰን ሲጀምር የሂላሉ ጅራት ይደበዝዛል፤ መጀመሪያ በአንድ ወገን፣ ይኸውም ይበልጥ ከሚንቀጠቀጠው እጅ በተቃራኒ ባለው የአንጎል ክፍል። ሕመሙ ሲገፋ የሚቀረው ክብ ነጥብ ብቻ ነው። ኢሴንሻል ትሬመር ባለበት ሰው ላይ ግን ሁለቱም ሂላሎች ሙሉ ናቸው፤ መድኃኒት ባመጣው መንቀጥቀጥም ብዙውን ጊዜ እንዲሁ። በዚህ ረገድ ምርመራው ግልጽ መልስ ይሰጣል።

ዳት ስካን የማይችለውንም ማወቅ ተገቢ ነው። ፓርኪንሰንን ወፏና ዳቦው ከሚለዩዋቸው ብርቅ ዘመዶቹ አይለይም፤ በሁሉም ላይ ሂላሉ ይከስማል። ሕመሙ በምን ፍጥነት እንደሚሄድም አይነግርም። ምልክቱ ግልጽ በሆነና መድኃኒት በረዳው ሰው ላይ ከገንዘብ ወጪ በቀር የሚጨምረው ነገር ጥቂት ነው። አዮዲኑ በ13 ሰዓት ገደማ ውስጥ ግማሽ ኃይሉን ስለሚያጣ በቶሎ ተጓጉዞ በቶሎ መዋል አለበት፤ በዚህም ምክንያት በየሆስፒታሉ የሚገኝ ምርመራ አይደለም። ሐኪም ሳያዝዘው «ትልቁን ማሽን» ፍለጋ የሚሮጥ ቤተሰብ ገንዘቡንም ጊዜውንም ሊያባክን ይችላል።

ምስል የአንድን ታላቅ ሰው ክርክር ለመፍታትም ረድቷል። መሐመድ ዓሊ ቡጢን በ1981 ተሰናብቶ በ1984 ሕመሙ ሲነገር 42 ዓመቱ ነበር። ከዚያ ወዲህ እስከ ሞተበት እስከ 2016፣ ከዚያም በኋላ፣ ሰዎች ሲከራከሩ ኖረዋል፦ ፓርኪንሰን ነው ወይስ በራሱ ላይ ያረፈው የቡጢ ብዛት? ለብዙ ዓመታት ሲከታተሉት የነበሩ ሐኪሞች በ2022 ባሳተሙት ጽሑፍ በወጣትነት የጀመረ ፓርኪንሰን እንደነበረው ጽፈዋል። ከጠቀሷቸው ማስረጃዎች መካከል ምልክቱ በአንድ ወገን ማየሉ፣ ሌቮዶፓ የረዳው መሆኑና ዶፓሚን የሚያመነጨውን ክፍል የሚያሳይ የፔት ምስል ይገኙበታል። ቡጢው ምንም አላደረገም ማለት እንዳልሆነ ግን ልብ ይሏል።

አማን ከአካባቢው አገሮች፣ ከኢራቅ፣ ከየመን፣ ከሱዳንና ከሊቢያ፣ ሕሙማን ለሕክምና የሚመጡባት ከተማ ናት። የንጉሥ ሑሴን የሕክምና ማእከልና የዮርዳኖስ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የሚገኙትም በእርሷ ነው። በኢትዮጵያ ያለው ሁኔታ ሌላ መልክ አለው። የነርቭ ሕክምና ልዩ ሥልጠና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው በ2006 ነው። ከዚያ በፊት፣ በ1980ዎቹ፣ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በቡታጅራ አካባቢ ቤት ለቤት ተዘዋውረው 60,820 ሰዎችን መዝግበው የነርቭ ሕመሞችን ቆጥረው ነበር። ፓርኪንሰን ከ100,000 ሰው 7 ላይ ተገኘ። ማሽን አልነበራቸውም፤ መጠይቅ፣ መዶሻና ዓይን ነበራቸው። ያ ቁጥር ዛሬም ይጠቀሳል።

የአማን ደረጃዎችም ለምርመራ የሚያገለግል ነገር አላቸው። ከተማይቱ በኮረብታ ላይ የተሠራች በመሆኗ ከጀበል አማን ወደ መሀል ከተማ የሚወርዱት ረጃጅም ደረጃዎች የታወቁ ናቸው። ፓርኪንሰን ያለበት ሰው በለስላሳ ወለል ላይ፣ በተለይ በበር መግቢያ ላይ፣ እግሩ ድንገት ሊታሠር ይችላል፤ ያው ሰው ግን ደረጃውን አንድ በአንድ እያየ ሲወጣ እግሩ ይፈታል። ይህን ያየች ተንከባካቢ «አስመሳይ ናቸው» ልትል ትችላለች። ለሐኪሙ ብትነግረው ግን ትልቅ ፍንጭ ነው።

ሐኪሙ የሚፈልጋቸው ሌሎች ነገሮችም እንዲህ ያሉ ናቸው። መንቀጥቀጡ የጀመረው በየትኛው እጅ ነው? ሽታ የማሽተት ችሎታቸው ከመቼ ጀምሮ ጠፋ? ሌሊት በሕልማቸው እየጮኹ ይማታሉን? ወድቀው ያውቃሉን፣ ወደ ኋላ ወይስ ወደ ፊት? ከቀጠሮው በፊት በስልክ የተቀረጸ የአንድ ደቂቃ ተንቀሳቃሽ ምስል፣ ሲራመዱ፣ ሲዞሩና ውሃ ሲጠጡ የሚያሳይ፣ ብዙ ነገር ይናገራል፤ ሕሙማን ሐኪም ፊት ሲቀርቡ ነቃ ብለው ምልክቱን ሊሸፍኑት ይችላሉና። በእርግጥ ይህ የሚደረገው በአዛውንቱና በቤተሰቡ ፈቃድ ነው። የሚወስዷቸው መድኃኒቶች ሁሉ፣ ከዕፅዋት የተዘጋጁትም ሳይቀሩ፣ በአንድ ከረጢት ተይዘው ይሂዱ።

ከዳት ስካን በፊት አንዳንድ መድኃኒቶችና አነቃቂ ነገሮች ምስሉን ስለሚያዛቡ ሐኪሙ ሊያስቆማቸው ይችላል። የአምፌታሚን ወገን የሆኑት ከእነዚህ ይቆጠራሉ፤ በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖንም የእነርሱ የቅርብ ዘመድ ነው። ይህን ለሐኪም መደበቅ ምስሉን ከንቱ ያደርገዋል። እርጉዝ የሆነችና ጡት የምታጠባ ሴትም አስቀድማ መናገር ይገባታል።

የረመዳን ጉዳይ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይሻል። ሌቮዶፓ በሰውነት ውስጥ የሚቆየው ለጥቂት ሰዓታት ነው፤ ከፈጅር እስከ መግሪብ ያለ መድኃኒት መዋል አንዳንዱን ሕሙም ከአልጋ እንዳይነሣ ያደርገዋል፤ ድንገት ማቋረጥም አደጋ አለው። ከሐኪምና ከዓሊም ጋር የሚደረገው ምክክር ከሻዕባን ማለቂያ በፊት ይሁን።

የቤተሰብ ሐረግም ይጠየቃል፤ እዚህ ላይ ኩፍር ራኪብ ትመለሳለች። በዮርዳኖስ በ1990 ካገቡ ሴቶች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ባላቸው ዘመዳቸው ነበር፤ በ2012 ቁጥሩ ወደ 35 በመቶ ወርዷል። ከ2004 ጀምሮ ከጋብቻ በፊት የሚደረገው የግዴታ የደም ምርመራ ታላሴሚያን ይመለከታል እንጂ የነርቭ ሕመሞችን አይመለከትም። ስለዚህ በቤተሰቡ ውስጥ በለጋ ዕድሜው እጁ የተንቀጠቀጠ ወይም እግሩ የገተረ አጎት ወይም አክስት ካለ፣ ስሙን ከማፈር ይልቅ ለሐኪሙ መናገር ነው። የኩፍር ራኪቡ ቤተሰብ ዝም ቢል ኖሮ ዘረ መሉን ለመፈለግ መነሻ የሆነው ያ ዝርዝር አይገኝም ነበር።

ኤም.አር.አይ. ክፍል በር ላይ የሚደረገው የመጨረሻ ነገር ብረትን ማውለቅ ነው። ቀለበት፣ ሰዓት፣ የጥርስ ተነቃይ ሽቦ፣ በብረት መያዣ ውስጥ ያለ ሒርዝ። ብዙ ጊዜ የሚረሳው ሒጃብ የሚያያዝበት መርፌ ነው። ማግኔቱ ሁልጊዜ ሥራ ላይ ስለሆነ፣ ሕሙማንን ደግፋ የምትገባ ተንከባካቢም የራሷን መርፌ ነቅላ በሳህኑ ላይ ማስቀመጥ አለባት።